ለትልቁ ካሜራ እግር ፍለጋ

ሥራ የገባሁ ቀን ጋሽ ሞገስ መጀመሪያ ያሳየኝ የማልነካውን ዕቃ ነው። ፎቶ ቤቱ ጦር ኃይሎች አካባቢ ነበር። ሦስት ክፍል አለው፤ ከፊት መቀበያ፣ መሃል ማንሻ ክፍል፣ ከኋላ ጨለማ ክፍል። ማንሻ ክፍሉ ውስጥ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፣ እስከ ትከሻዬ የሚደርስ ነገር ቆሟል። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ አሳየኝና መልሶ ሸፈነው።

«ይሄ ትልቁ ካሜራ ነው። አትነኪውም።»

«እሺ ጋሼ።»

«አቧራ ብታዪበትም አትነኪውም።»

ከዚያ ወደ ጨለማ ክፍል ወስዶ የምነካውን አሳየኝ፤ ሦስት ሳፋ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ መቀስ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ዓመት ፎቶ አጠብኩ፣ ጠርዝ ቆረጥኩ፣ የደንበኛ ብጉር በቀጭን ብሩሽ አጠፋሁ። ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ የሰቀሉት የሠርግ ፎቶ ላይ የሚታየውን ጥርስ እኔ የሠራሁላቸው ሰዎች አሉ። ስም አልጠራም።

አትነኪ የተባልኩትን ካሜራም ነክቻለሁ። ሁለት ሳምንት ታግሼ ነው እንጂ ወዲያው አይደለም። ጋሽ ሞገስ ምሳ በልቶ ሸለብ የሚያደርግባት ሰዓት ነበረችው፤ እኔ የተማርኩት በዚያች ሰዓት ነው።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ወጣት ፎቶ አንሺዎች እነዚያን የእንጨት ካሜራዎች ከየጓዳው እያወጡ፣ አንዳንዱም ከውጭ እያስመጣ፣ ቤቴ ድረስ ይመጡብኛል። ስለ ሌንሱ አንድ ሰዓት ያወራሉ። ሊሄዱ ጫማቸውን ሲያስሩ ነው «እትዬ፣ ለመሆኑ የትኛው ትራይፖድ ይሻለናል?» የሚሉኝ። የምጽፈው ለእነሱ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ። ስለ ቤቴና ስለ ትዳሬ የሚፈልግ ካለ ግን እዚህ አያገኝም።

በእኛ ቤት ትራይፖድ አይባልም ነበር። «እግር» ነው የሚባለው።

ካሜራውን ላላያችሁት ልንገራችሁ። የእንጨት ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ ሌንስ፣ መሃሉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ቆዳ፣ ጀርባው ላይ ደብዛዛ መስታወት አለው። አንሺው ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ መስታወቱ ላይ የተዘቀዘቀውን ምስል እያየ ያስተካክላል። ከዚያ ሌንሱን ከድኖ ፊልም የያዘውን ጠፍጣፋ ሳጥን ከኋላ ይሰካል። ከሰካ በኋላ ምንም አያይም። ስለዚህ ካየበት ደቂቃ ጀምሮ አንስቶ እስኪጨርስ ካሜራው የፀጉር ያህል እንኳን መነቃነቅ የለበትም። የእኛው ዘጠኝ ኪሎ ይመዝን ነበር። እግር የሚባለው ነገር ሥራው ይሄን መሸከም ነው። ሌላ ሥራ የለውም።

ሲሳይን ላስተዋውቃችሁ። የጋሽ ሞገስ የእህት ልጅ ነው። እኔ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት ገባ፤ በሁለተኛው ወር ካሜራ ያዘ። ማዕረጉ «ዋና አንሺ» ነበር። ሁለተኛ አንሺ የሚባል ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። እሱ ዋና አንሺ፣ እኔ አጣቢ። በአርባ አራት ዓመቴም ጋሽ ሞገስ የሚጠራኝ «አንቺ ልጅ» እያለ ነው።

ዲጂታል ገብቶ ትልቁ ካሜራ ኮት መስቀያ በሆነበት ዘመን አንድ ቀን አባባ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ኮልፌ ውስጥ የአንድ እድር ዳኛ ናቸው። ከኪሳቸው የታጠፈ ፎቶ አውጥተው ጋሽ ሞገስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«አምና ያነሳን ልጅ ይሄን አመጣልን። ሰባ ሁለት ሰው ነን። እስቲ እኔን ፈልገኝ።»

ጋሽ ሞገስ መነጽሩን አድርጎ ፈለጋቸው። አላገኛቸውም።

«ፊታችን ምስር ነው የሚመስለው» አሉ አባባ ደምሴ። «የእኛ ሰው ብዙው ፎቶ የለውም። ሲሞትብን ለቅሶ ላይ የምናቆመው ምስል እናጣለን። አንድ ላይ ጥሩ አድርጋችሁ አንሱን፤ የሞተውን ከዚያ ላይ እየለያችሁ ታሳድጉልናላችሁ። ከወሩ ስብሰባ በኋላ፣ እሑድ።»

በዚያ እሑድ ሲሳይ የሚያነሳው ሠርግ ነበረው። እኔ እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ ጨለማ ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። «በትልቁ ካሜራ እኔ አነሳችኋለሁ» አልኩ። ሲሳይ ሳቀ። አባባ ደምሴ ግን አልሳቁም። «እሺ ልጄ» ብለው ወጡ።

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ጋሽ ሞገስ ቃሉን ሰጠኝ። ቃል በቃል ነው የምጽፈው።

«ካሜራውን ውሰጂ። የኔ መቆሚያ ከቤት አይወጣም፤ እግር ራስሽ ፈልጊ። ፎቶው ከወጣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የውጭ ሥራ ያንቺ ነው። ካልወጣ ሳፋሽ ጋ ትመለሻለሽ፤ ሁለተኛ ስለ ካሜራ አፍሽን አትከፍቺም።»

የእሱ መቆሚያ ባለ መንኮራኩር ብረት ነው፤ ለስቱዲዮ ወለል የተሠራ። ሜዳ ላይ ቢወጣ አይንቀሳቀስም። ይህንን እሱም ያውቃል። ካሜራውን የሰጠኝ እግር እንደማላገኝ ስለገመተ ነው።

ሦስት ሳምንት ነበረኝ።

ሲሳይን ጠየቅሁት። ስሕተት ቁጥር አንድ። «አልሙኒየም ግዢ፤ ዘመናዊ ነው፣ በአንድ እጅ ትይዥዋለሽ» አለኝ። ለጀማሪ የምነግረው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፦ በአንድ እጅ የሚያዝ እግር፣ ዘጠኝ ኪሎ ካሜራ ሲጫንበት በሁለት እጅ መደገፍ ያስፈልገዋል። እኔ ግን ጀማሪ ነበርኩ፤ መርካቶ ሄጄ ገዛሁ። ያብረቀርቃል። መሃሉ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ዘንግ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ነው።

ጓሮ ውስጥ ሞከርኩት። ጋሽ ሞገስን ወንበር ላይ አስቀምጬ ፊቱን መስታወቱ መሃል አደረግሁት። ጨርቁ ውስጥ ሆኜ ስቆልፈው ደህና ነበር። ሳጥኑን ሰክቼ፣ የሌንሱን ክዳን ከፍቼ ቆጠርኩ። በፊልም ፋንታ የሰካሁትን የፎቶ ወረቀት ሳጥበው ፊት የለም። ከክራቫቱ ጫፍ እስከ ቀበቶው ያለው ነው የወጣው፤ እሱም ድርብ ሆኖ።

«ሆዴን ነው ያነሳሽው?» አለ ጋሽ ሞገስ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሁለት ጊዜ?»

ሲሳይ ግድግዳ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። እጀታው ሸክሙን ስላልቻለ ካሜራው ቀስ እያለ ሰግዶ ነበር። ሲሳይ ይህን አያውቅም ነበር አልልም። ያውቅ ነበር።

ቀጥሎ አናጺ ሦስት የባሕር ዛፍ እግር በማጠፊያ አያይዞ ሠራልኝ። ሲሚንቶ ላይ ካሜራውን ሳልጭንበት ገና ጃንጥላዬን ባስደግፍበት ሦስቱም ወደየፊናቸው ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ስለሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አንድ ሳምንት ሲቀረኝ በቆሼ በኩል አለፍኩ። ዓለምነሽ የምትባል ሴት ከቆሻሻው የሚወጣውን ብረታ ብረትና እንጨት እየለየች ከመንገዱ ዳር ትሸጥ ነበር። ከአሮጌ አልጋ እግሮች መሃል አንድ ረዘም ያለ ነገር አየሁ። የእንጨት እግሮች ናቸው፤ ጫፋቸው ሹል ብረት፣ አናታቸው ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት፤ ቢጫ ቀለማቸው እዚህም እዚያም ተልጧል። የመሬት ቀያሾች መለኪያቸውን የሚያስቀምጡበት ነው።

«ይሄ ይቆማል?» አልኳት።

«ይሄ?» አለችና ከፈተችው። ሹሎቹን አንድ በአንድ በእግሯ ረግጣ መሬት ውስጥ አስገባች። «ነይ ውጪበት።»

«ምን?»

«ሰው ካልቻለ ዕቃ አይችልም፤ ውጪበት። ቢሰበር ገንዘብ አልቀበልሽም፣ እመኚኝ።»

አልወጣሁም፤ ግን በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። ከዚያ አናቱን ይዤ ጠመዘዝኩት። ንቅንቅ አላለም። መሃሉ ላይ ዘንግ የለውም፤ ከሥሩ ቀያሾች ቱንቢ የሚያንጠለጥሉበት መንጠቆ አለው። ተሸክሜው አየር ጤና ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ላስገባው ስል ረዳቱ «እትዬ፣ ሬሳ ከሆነ ለብቻሽ ኮንትራት ያዢ» አለኝ።

ችግሩ ብሎኑ ነበር። የቀያሽ እግር ብሎን የአውራ ጣት ያህል ወፍራም ነው፤ የካሜራው ቀዳዳ ደግሞ የትንሽ ጣት። አየር ጤና ጋራዦቹ መሃል ወልዴ የሚባል የቶርኖ ባለሙያ አለ። ሁለቱን ብረት ብርሃን ላይ ይዞ ጥርሳቸውን አየ።

«እህቴ፣ እነዚህ አይዋወቁም።»

«አስተዋውቃቸው።»

በቶርኖው መካከለኛ ሠራ፤ ከታች ወፍራሙን ብሎን የሚቀበል፣ ከላይ ቀጭኑ ጥርስ ያለው። እኔ እግሩና ካሜራው መሃል የምታስቀምጥ አንዲት ጣውላ እንዲያበጅልኝ ጠየቅሁት። እሱ ጣውላዋ ላይ ከመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ከመነዳሪ ቆርጦ ለጠፈባት። «እንጨትና ብረት ይንሸራተታሉ፤ ላስቲክ ይይዛል» አለ። ይሄንን ማንም የፎቶ ሰው አልነገረኝም። የነገረኝ ቶርነኛ ነው።

ከዚያ ፈተናውን አስተማረኝ። አንድ ብርጭቆ ውሃ እግሩ አናት ላይ አስቀመጠ፤ እግሩን በመፍቻ ኳ አደረገው፤ ውሃው ተንቀጠቀጠና ቆመ። «ቁጠሪ» አለኝ። ሁለት ሳልል ቆመ። ያንን የሚያብረቀርቀውን አመጣሁና ደገምነው። ውሃው ስድስትም ሰባትም አልፎ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ላይ የጭነት መኪና በመንገዱ ሲያልፍ እንደገና ይጀምራል።

«ካሜራሽ ከወደቀ ግን እኔ ጋ አትምጪ» አለኝ ወልዴ ስወጣ።

ለምን ይህን ያህል እንደተጨነቅሁ ላስረዳ። የትልቁ ካሜራ ፊልም ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ለፓስፖርት ፎቶ ማተሚያ ከተረፈን ወረቀት ቆርጬ በፊልሙ ፋንታ ልጠቀም ነው ያሰብኩት። ወረቀት ሰነፍ ነው። ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ሰከንድ፣ ደመና ላይ አምስት ሰከንድ ይፈልጋል። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ደካማ እግር ብዙ ነገር ያደርጋል።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እድሩ ግቢ ደረስኩ። ግቢው ማለት አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ አንድ ዕቃ ቤትና ድንኳን የሚሰጣበት ሜዳ ነው። ከሜዳው ወዲያ የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል። ስብሰባው አዳራሹ ውስጥ ተጀምሯል። ካሜራውን ከሳጥኑ ሳላወጣ መጀመሪያ እግሩን ተከልኩ። መሃሉን ለማግኘት ቱንቢ አንጠለጠልኩበት። አናቱ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወደ ቤቶቹ አጎነበስኩ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ኮልፌ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቢጫ ባለ ሦስት እግር ሰፈር ውስጥ ሲተከል ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ለእኔ የካሜራ እግር ከሆነ ሳምንት ሞልቶታል። ለሌላው ሰው ግን ያው የቀያሽ እግር ነው። ቀያሽ መጣ ማለት ደግሞ ቤት ሊፈርስ ነው።

አንዲት ሴት እጣቢ ልትደፋ በሯን ከፈተች። አየችኝ። ሳፋውን እዚያው ጣለችው።

«ኧረ ቀያሾች መጡ! ውጡ! ቀያሾች መጡ!»

በምን ፍጥነት እንደወጡ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ነጠላዋን የለበሰች፣ ልጅ ያዘለች፣ ግማሽ ፊቱን የተላጨ። እያንዳንዱ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። ከፊት የመጣችው ወፍራም ሴት ግን ወረቀት አልያዘችም፤ ዘነዘና ነው የያዘችው። ስሟ እትዬ ዘነበች እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ንቀይው!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ንቀይው አልኩሽ! በእሑድ ምድር! ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጠብቃችሁ!»

«ከፎቶ ቤት ነኝ።»

«ፎቶም አንስታችሁ ነው የምታፈርሱት!»

ግማሽ ፊቱን የተላጨው ሰውዬ ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው። «ካርታ አለኝ! ማኅተሙን እዪው!»

«አየሁት፤ ጥሩ ማኅተም ነው» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

አንዲት አሮጊት ደግሞ ቀስ ብለው መጥተው ሦስቱ እግሮች መሃል፣ ቱንቢው ሥር ተቀመጡ። «እንግዲህ እኔን ለክተሽ ሂጂ» አሉኝ።

ጫጫታው አዳራሹ ውስጥ ተሰማ። አባባ ደምሴ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፤ ሰባ አንዱም ተከተሏቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? ፎቶ አንሺያችን ናት! እኔ ነኝ የጠራኋት!»

«አባባ» አለች እትዬ ዘነበች፣ «ፎቶ አንሺ በቀያሽ እግር ምን ትሠራለች?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አባባ ደምሴም መልሱን ስላላወቁት ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም ዞረ። መናገር ብዙም አይሆንልኝም። ሳጥኑን ከፍቼ ካሜራውን አወጣሁ፣ የወልዴ ብሎን ላይ አሰርኩት፣ ሌንሱን ከፈትኩ፣ ጥቁሩን ጨርቅ አነሳሁና እትዬ ዘነበችን «ይግቡ» አልኳት።

ዘነዘናዋን እንደያዘች ገባች።

«ውይ! ተዘቅዝቀዋል! ሁሉም ተዘቅዝቀዋል!» ከጨርቁ ሥር ሳቋ ተሰማ። «እዩት አባባ ደምሴን፣ በጭንቅላታቸው ቆመዋል! ከዘራውም አብሮ!»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ካልገባን አለ። ግማሽ ሰዓት አለፈብኝ። ፀሐይዋም ደመና ውስጥ ገባች።

አባባ ደምሴ በመጨረሻ እጃቸውን አጨበጨቡ። «በቃ፣ አባላት ብቻ ይሰለፉ። የቀረው ወደየቤቱ።»

«የቀረው ማነው?» አለች እትዬ ዘነበች።

«እድርተኛ ያልሆነው።»

«እድርተኛው ሲሞት ንፍሮ የሚቀቅለው ማነው? ውሃ የሚቀዳው ማነው? ባሌ እዚህ መዝገብ ላይ አለ፤ እኔ ሳፋ ላይ ነኝ። አሁን ካሜራ ሲመጣ ነው ወደ ቤትሽ የምባለው?»

ሴቶቹ ከኋላዋ ተሰበሰቡ። አባባ ደምሴ እንደገና እኔን አዩኝ። ሰባ ሁለት ሰው ብለው ነው የተዋዋሉት፤ አሁን ሜዳው ላይ መቶ ሰላሳ ያህል ሰው ቆሟል። ካሜራው ካለበት ቦታ ሁሉንም አይዝም። አራት ቅጠል ወረቀት ብቻ ነው የያዝኩት። ፎቶው ከተበላሸ ወደ ሳፋዬ ነው የምመለሰው። ሴትየዋ ሳፋ ባትል ኖሮ ምን እንደምወስን አላውቅም።

«ሁሉም ይግቡ» አልኩ። «እኔ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።»

ወደ ኋላ ማለት ዕቃ ቤቱ ጀርባ ያለው ዳገት ነው። ያ የሚያብረቀርቀው ቢሆን እዚያ አይቆምም ነበር። የቀያሽ እግር ግን የተሠራው ለዳገት ነው። ከላይ በኩል ያለውን አንዱን እግር አሳጠርኩ፣ ሁለቱን አስረዘምኩ፣ ሹሎቹን ረግጬ እስኪጠፉ አስገባሁ። መንጠቆው ላይ የእድሩን የድንኳን ካስማ በከረጢት ሞልቼ አንጠለጠልኩ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ በግራና በቀኝ፣ ወጣቶቹ ከኋላ ቆሙ። ወረቀቶቻቸውን ወደ ቤት የሚመልስ አልተገኘም፤ ሁሉም እንደያዘ ቆመ።

«አምስት እስክቆጥር ማንም እንዳይንቀሳቀስ!»

«የተንቀሳቀሰ ወዮለት!» አለች እትዬ ዘነበች፣ ዘነዘናዋን ደረቷ ላይ አድርጋ።

በመጀመሪያው ወረቀት አባባ ደምሴ አስነጠሱ። በሁለተኛው መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋና መቶ ሰላሳ ጭንቅላት ዞረ። በሦስተኛው ማንም አልተነፈሰም። አራተኛውን ለማንኛውም ብዬ አስቀረሁት።

ሰኞ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሦስተኛውን ወረቀት ሳፋው ውስጥ ሳወዛውዘው ፊቶቹ መውጣት ጀመሩ። አትሜ ካደረቅሁት በኋላ በማጉያ መነጽር አየሁት። የአባባ ደምሴ የኮት ቁልፍ ይቆጠራል። የአሮጊቷ የቅንድብ ፀጉር ይታያል። ግማሽ ፊቱን የተላጨው ሰውዬ የያዘው ካርታ ላይ ክቡ ማኅተም በግልጽ ወጥቷል። ከመቶ ሰላሳው ሰው ግማሽ ያህሉ የቤቱን ወረቀት ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል፤ ማንንም የሚለምን አይመስልም። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ከወጣ ፎቶ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ይህን የምለው እኔ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሌሎቹን ሁሉ ያጠብኩት እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ።

በዚያው ቀን ጥቁር ቀለም ገዝቼ እግሩን ቀባሁት።

ጋሽ ሞገስ ፎቶውን በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አየ። «እግሩ ጥሩ ነው» አለ።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ፎቶው በትልቁ ታትሞ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ ጎን «አንሺ፦ ሲሳይ» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«የውጭ ሥራ ሴት ታነሳለች ከተባለ ደንበኛ አይመጣም። ለቤቱ ነው።»

«የውጭ ሥራው ያንቺ ነው ብለውኝ ነበር።»

«እናያለን አላልኩሽም?»

«እናያለን አላሉም። ያንቺ ነው ነው ያሉት።»

«እንግዲህ አሁን እናያለን አልኩ» አለና ጋዜጣውን ዘረጋ።

ሲሳይ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ስለ ፎቶው ያወራ ጀመር። እስከ ዛሬም ያወራል። በቅርቡ አንድ የፎቶ ዐውደ ርእይ ሲከፈት ተጋብዞ፣ ያንን ሁሉ የተቆጣ ሕዝብ በምን ዘዴ እንዳረጋጋ ሲናገር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁት። ተጨበጨበለት። ሠርግ ላይ ነበርክ፣ ሲሳይ። የሙሽራዋን አጎት ዓይኑን ጨፍኖ ያነሳህበት ሠርግ ነው፤ ዓይኑን የሣልኩለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ረቡዕ ጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት መጣች። መስኮቱ ላይ ያለውን አይታ ነው። መምህራኑን በሙሉ ልክ እንደዚያ አድርጋችሁ አንሱልኝ አለች። መኪና ውጭ አቁማለች፤ መምህራኑም ተሰልፈው እየጠበቁ ነው።

«ሲሳይ፣ ካሜራውን ጫን» አለ ጋሽ ሞገስ። «አንቺ ልጅ፣ እግሩን ስጪው።»

እግሩ ጨለማ ክፍሉ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ሄድኩና አጠፍኩት፣ ቀበቶውን አጠበቅሁ፣ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት።

«አልሰጥም።»

«ምን አልሽ?»

«እግሩ የኔ ነው። ፈልጊ ተብዬ የፈለግሁት እኔ ነኝ።»

«ካሜራው የኔ ነው!»

«ካሜራዎን ማን ነካብዎት?»

ፊቱ ጠቆረ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት…» ብሎ ጀመረና ሴትየዋን አይቶ ተወው። ቀሪውን አውቀዋለሁ። ሃያ አራት ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው፤ ሌላ ሙያም ሌላ መግቢያም አልነበረኝም።

«በሌላውም ይሆናል» አለ ሲሳይ፤ ጥግ ላይ አቧራ ጠጥቶ የቆመውን አልሙኒየም እያሳየ።

ጋሽ ሞገስ አልሙኒየሙን አየው። ሳያስበው እጁን ሆዱ ላይ አደረገ።

«ይቅርታ» አለች ርዕሰ መምህርቷ፣ «የምታነሱን ማናችሁ ናችሁ? ሰው ፀሐይ ላይ አቁሜ መጥቻለሁ።»

ጋሽ ሞገስ እኔንም ሲሳይንም አላየም። ጋዜጣውን ነው ያየው።

«እሷ ትሂድ» አለ።

መኪናዋ ውስጥ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ እግሩ በጭኖቼ መሃል ነው። ሲሳይ ከኋላ የካሜራውን ሳጥን ታቅፎ መጣ። ዘጠኝ ኪሎውን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ ትምህርት ቤቱ ተሸከመው።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት የውጭ ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። እነዚያ የጭቃ ቤቶች ዛሬ የሉም። እድርተኛው ተበትኗል፤ ግን ሰው ሲሞትባቸው አሁንም ይደውሉልኛል፤ ከዚያ ፎቶ ላይ ለይቼ አሳድግላቸዋለሁ። የአባባ ደምሴንም የእትዬ ዘነበችንም አሳድጌያለሁ። ጋሽ ሞገስ ሲሞት ቤተሰቡ ከእኔ ፎቶ አልጠየቀም፤ እኔም ያለኝ የሆዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ። እግሩ ከባድ ይሁን። መሃሉ ላይ የሚወጣ ዘንግ ያለውን ተዉት። ከመግዛታችሁ በፊት ተንጠልጠሉበት፣ ጠምዝዙት፣ ውሃ አስቀምጡበት። የቀያሽ እግር ካገኛችሁ ውሰዱት፤ ብሎኑን ቶርነኛ ያስተካክለዋል። ካሜራውን ከሰው መዋስ ትችላላችሁ። እግሩ ግን የራሳችሁ ይሁን።